ዕጣ የማይወጣበት እቁብ

ኅዳር 2017 ላይ ዕዳዬ ሲደመር 140,800 ብር ሆነ። ደመወዜ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 14,500 ብር ነበር። ቅዳሜና እሑድ ለትናንሽ ሱቆች ሒሳብ እየሠራሁ የማገኘው 3,000 ብር ሲጨመርበት 17,500። አሁን የቀሩብኝ ሁለት ዕዳዎች ናቸው፤ ሁለቱም እንቅልፍ የሚነሱ አይደሉም። «እንዴት አድርገሽ ከፈልሽው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ። ብቻዬን እንዳልከፈልኩት ግን ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ዕዳው የመጣው በአንድ ምክንያት ነው። ግንቦት 2016 እናቴ ደረጃ ላይ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። የገባችው የግል ሆስፒታል ነው። ቅድሚያ ክፍያ ካልገባ ቀዶ ጥገና የለም ተባልን። ያኔ ማን ያመነታል? ባገኘሁበት ተበደርኩ። አሁን እግዚአብሔር ይመስገን በምርኩዝ ትሄዳለች፣ ቤተ ክርስቲያንም ትስማለች። ዕዳው ግን እኔ ዘንድ ቀረ።

ኅዳር ላይ ሲቆጠር እንዲህ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር 54,000፣ መርካቶ ያለ አንድ ነጋዴ 40,000፣ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ 500 ዶላር (በባንክ ስትልክልኝ 28,000 ብር አካባቢ ሆኖ ነው የገባው)፣ በስልክ የተበደርኩት 9,000፣ የልብ ጓደኛዬ 6,000፣ የሰፈራችን ሱቅ ዱቤ 3,800።

ቁጥሩን ስታዩት ትልቁ የማኅበሩ ነው። የሚያደማኝ ግን እሱ አልነበረም። የማኅበሩ ከደመወዜ በየወሩ ይቆረጣል፤ ወለዱ ትንሽ ነው፤ የሚደውል የለም። የነጋዴው 40,000 ግን በመቶ አሥር ነው፤ በዓመት እንዳይመስላችሁ፣ በወር። 4,000 ብር በየወሩ ይዤ እሄዳለሁ፣ ዋናው 40,000 ንቅንቅ አይልም። ከግንቦት ጀምሮ የከፈልኩት ሁሉ ለወለድ ብቻ ነበር።

ሕጉን ያወቅሁት በኋላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2479 ሰው ለሰው ሲያበድር የሚዋዋለው ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይላል። በዚህ ሒሳብ የ40,000 ብር የዓመት ወለድ ቢበዛ 4,800 ነው። እኔ ወደዚያ የሚጠጋ በአንድ ወር እገብር ነበር። የወንጀል ሕጉ ደግሞ አንቀጽ 712 ላይ አራጣን ወንጀል ያደርገዋል። ታዲያ ለምን አልከሰስሽም ትሉኝ ይሆናል። እመለስበታለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በመሥሪያ ቤታችን ክበብ ነው። ክበቡን በኮንትራት የያዙት አንዲት እናት አሉ፤ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ምሳ እየበላሁ ስልኬ ጠራ። ገልብጬ አስቀመጥኩት። ደግሞ ጠራ። እትዬ ሽሮውን እየጨመሩልኝ፣

«ልጄ፣ ይቺን ስልክ ምን አድርጋሽ ነው ፊቷን የምታዞሪያት?» አሉኝ።

ምንም አልኩ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እኔም አለብኝ እኮ» አሉ። «ልጄን ዓረብ አገር ለመላክ የተበደርኩት አላለቀም። እሷ እዚያ ሳትረጋጋ እኔ እዚህ ተረጋግቼ ልበላ?»

እትዬ በሰፈራቸው ለብዙ ዓመት የእቁብ ጸሐፊ ነበሩ። የእቁብን ነገር አብጠርጥረው ያውቃሉ፤ ማን ዕጣ እንደሚሸጥ፣ ማን ከወሰደ በኋላ መንገድ እንደሚቀይር፣ ዋስ የሌለው ሰው ለምን እንደማይገባ። ሐሳቡም የእሳቸው ነው። «እቁብ እንጠጣ» አሉ፣ «ግን ዕጣ አይወጣም። ባለዕጣውም ብሩን በእጁ አይነካውም።»

ማለታቸው ይህ ነው። ዕዳ ያለብን ሰዎች እንሰበሰባለን። በየወሩ እኩል እናዋጣለን። የተዋጣው ብር ቀጥታ ወደ አበዳሪው ይሄዳል። ተራ የሚያዘው በዕድል ሳይሆን ማን የባሰበት እንደሆነ ታይቶ ነው።

ስድስት ሆንን። እትዬ፣ እኔ፣ ሾፌራችን፣ ግዥ ክፍል ያለው ባልደረባችን፣ ገንዘብ ያዧ፣ እና የኮምፒውተር ጥገና የሚሠራው ልጅ። መዋጮው 2,500 ብር፣ ድምሩ 15,000። መጀመሪያ 5,000 ይሁን ያለም ነበር። እትዬ «በሁለተኛው ወር ማንን ልታስለቅሱ ነው?» ብለው ዘጉት።

የመጀመሪያው ስብሰባ ገንዘብ ያዧ ቤት ነበር፤ ደመወዝ ከወጣ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ቡና እየተፈላ። እያንዳንዱ ሰው ዕዳውን በሙሉ በወረቀት ጽፎ እንዲመጣ ነበር የተባለው። ቀላል መስሎኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ወረቀት የከበደኝ ጊዜ የለም። ሾፌሩ ባዶ ወረቀት ይዞ መጣና «በቃል እነግራችኋለሁ» አለ። እትዬ አልተቀበሉትም። እስኪርቢቶ ሰጥተው ሌላ ክፍል ላኩት። ሲመለስ ወረቀቱ ላይ ለሚስቱ እንኳ ያልነገራት ዕዳ ነበር።

ወረቀቱን እንዴት እንዳሰመርነው ልንገራችሁ፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ እሱን ውሰዱ። ስድስት ዓምድ አለው። ለማን፣ ስንት፣ ወለዱ ስንት፣ መቼ ይከፈላል፣ በምን ተይዟል፣ ካልተከፈለ ምን ይመጣል። በምን ተይዟል ማለት ዋስ ነው፣ ቼክ ነው፣ የቤት ካርታ ነው፣ ወይስ ባዶ ቃል ማለት ነው። ተራውን የወሰነው የመጨረሻው ዓምድ ነው። የብሩ ብዛት አይደለም።

ለምሳሌ የግዥ ክፍሉ ባልደረባችን ዕዳ ከእኔ ያንስ ነበር። ግን ለአበዳሪው በመያዣነት ቼክ ፈርሞ ሰጥቷል። ቀኑ ደርሶ ባንክ ሲቀርብ ሒሳቡ ላይ ብር ከሌለ ደረቅ ቼክ ነው፤ ደረቅ ቼክ ደግሞ በእኛ አገር በወንጀል ያስከስሳል፣ ያሳስራልም። «ለመያዣ ነው የሰጠሁት» የሚለው ክርክር ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሆኖ የሚደረግ ነው። ስለዚህ አንደኛ እሱ ሆነ። ታኅሣሥ ላይ 15,000ው ለአበዳሪው ገባ፤ የጎደለውን እሱ ሞላ፤ ቼኩ ተመልሶ ዓይናችን እያየ ተቀደደ። ሁለተኛ እኔ ሆንኩ፣ በአራጣው። ሦስተኛ ሾፌሩ፤ የድሮ መሥሪያ ቤቱ ላይ ዋስ የሆኑለት ሁለት ጓደኞቹ ደመወዛቸው በእሱ ዕዳ እየተቆረጠ ነበር። የእሱ ነገር ከሁላችን ያሳዝን ነበር። ዋሶቹ አንድም ቀን ደውለው አልተቆጡትም፤ እሱ ግን በእነሱ ሰፈር ማለፍ ትቷል። አራተኛ ገንዘብ ያዧ፣ አምስተኛ ልጁ። እትዬ ራሳቸውን መጨረሻ ላይ አደረጉ፤ «የእኔ አበዳሪ ዘመዴ ነው፣ ይታገሣል» ብለው።

ደንቡ አጭር ነው። እርስ በርስ መበዳደር የለም። ብሩን ገንዘብ ያዧ ሰብስባ ለአበዳሪው ትልካለች፣ የባንኩ ደረሰኝ ደብተር ውስጥ ይለጠፋል። እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ አንድ ዋስ ያመጣል፤ ሚስት፣ ባል፣ ወንድም። የሾፌሩ ሚስት ነገሩን የሰማችው በዚህ ሰበብ ነው። ለሁለት ሳምንት አኩርፋ ከዚያ ከእሱ የበለጠ አጥባቂ ሆነች። አዲስ ብድር ለመውሰድ ያማረው ሰው ደግሞ ከመውሰዱ በፊት ለአንዳችን ይደውላል። መከልከል አንችልም፤ መደወል ብቻ ነው ግዴታው።

ይቺ የመደወል ነገር መጀመሪያ የልጅ ጨዋታ መስላኝ ነበር። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላና እንደኪሴ የተባሉትን የስልክ ብድሮች ከጀመረ ወዲህ ሌሎችም ባንኮች ተከትለዋል፤ አልጋ ላይ ተኝቶ መበደር ይቻላል። ለደንበኛው ምቹ ነው፣ አልክድም። ችግሩ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቅህም። አንድ ማታ የባልደረባዬ ሠርግ ደርሶ ለፖስታው 2,000 ብር ከስልኬ ልወስድ ነበር። ለሾፌሩ ደወልኩ። ትንሽ ዝም አለና፣ «ሠርጉ ላይ ሂጂ፣ ጨፍሪም። ፖስታው ግን ቀጠን ይበል» አለኝ። ቀጠን ያለ ፖስታ ይዤ ሄድኩ። ማንም አልመዘነውም።

ከዕዳዎቼ ሁለቱን እቁቡን ሳልጠብቅ ነው የዘጋኋቸው። የአንገት ሀብሌን ሸጥኩ። የስልኩ 9,000 ቅጣት መጨመር ጀምሮ ነበር፤ እሱና የሱቁ 3,800 በአንድ ቀን ወጡ። ባለሱቁ ደብተሩን ሲሰርዝ «እህቴ፣ አሁን በዱቤ መውሰድ ትችያለሽ» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። አልወሰድኩም።

አሁን ወደ መርካቶው ነጋዴ።

ሕጉ ከእኔ ጋር ነው ብያለሁ። ወረቀቱ ግን ከእሱ ጋር ነበር። አራጣ አበዳሪ ሞኝ አይደለም፤ «በመቶ አሥር» ብሎ አይጽፍም። የተቀበልኩት 40,000 ሆኖ ሰነዱ ላይ የፈረምኩት 60,000 ነው፣ ያለ ወለድ፣ በሁለት ምስክር። ፍርድ ቤት ብንቆም ወረቀቱ ይናገራል። በየወሩ የሰጠሁት 4,000 ደግሞ በእጅ ነው፣ ደረሰኝ የለውም። ሕጋችን ከ500 ብር በላይ ለሆነ ብድር በጽሑፍ ማስረጃ ላይ ነው የሚቆመው። ስለዚህ እከሳለሁ ብዬ ባስፈራራው 60,000ውን በሕግ ሊጠይቀኝ ይችላል። እንደኔ ዓይነት ሰነድ የፈረማችሁ ካላችሁ ምንም ከማለታችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ፤ ደግሞም ከዛሬ ጀምሮ የምትከፍሉትን ሁሉ በባንክ ክፈሉ።

እኛ የሄድንበት በሽምግልና ነው። እትዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «እድሩ የት ነው?» የሰውየውን ሰፈር አጣርተን የእድሩን ጸሐፊ አገኘን፤ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው፣ እትዬና ሾፌሩ ሆነው አንድ እሑድ ጠዋት ቤቱ ሄዱ። እኔ አብሬ አልገባሁም፤ መንገድ ዳር ካለ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የጠጣሁት ሻይ ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

የሆነውን ሾፌሩ ነው የነገረኝ። ሕግ የሚል ቃል አላነሱም። ሽማግሌው የእናቴን መውደቅ ተናገሩ፣ እስካሁን የገባለትን ወለድ ቆጠሩ፣ ከዚያ «ዋናህ ይግባልህ፣ ወለዱን ለእኛ ስትል ማር» አሉት። ሰውየው መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ቁርስ አቀረበ። ቁርስ ካቀረበ እንደሚስማማ እትዬ ወዲያው ገባቸው። ስምምነቱ ይህ ሆነ፤ ጥር ላይ 15,000 በአንዴ፣ ቀሪው 25,000 ከየካቲት ጀምሮ በየወሩ 4,000፣ ከዚያ ቀን በኋላ ወለድ የለም። አዲስ ሰነድ ተጻፈ፣ በትክክለኛው ብር። የ60,000ው ሰነድ ተመለሰልኝ። ይህን አትርሱ፤ አዲስ ሰነድ ስትፈርሙ አሮጌው እጃችሁ ካልገባ ሁለት ዕዳ ነው ያላችሁ።

እንግዲህ ሒሳቡን ተመልከቱት። በየወሩ ከኪሴ የሚወጣው ያው 4,000 ነው። ድሮ ለወለድ ሄዶ ዋናው አይነካም፤ አሁን ግን ዋናውን ይበላዋል። ከ17,500 ላይ ቤት ኪራይ 5,500፣ እቁብ 2,500፣ ነጋዴው 4,000። ለምግብና ለታክሲ 5,500 ይቀረኛል። በዚህ ብር አዲስ አበባ ውስጥ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚኖር ለምታውቁት አልነግራችሁም። ምሳ ከቤት ቋጥሬ፣ ታክሲ የምይዝበትን ግማሹን በእግሬ እየሄድኩ ነው የዘለቅኩት። ነሐሴ ላይ የመጨረሻዋን 1,000 ብር አስገባሁ። ሰውየው «ሰላም ለቤትሽ» የሚል መልእክት ላከልኝ። ምን ልበል? አሜን አልኩ።

የአክስቴ ልጅ ዶላር ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ያ 28,000 የነበረው 500 ዶላር ታኅሣሥ 2017 ግድም ከ60,000 ብር በላይ ሆኗል። ቅዳሜ ቡና ላይ ተከራከርንበት። ሾፌሩ «ዶላር የወሰደ ዶላር ይመልሳል» አለ። ገንዘብ ያዧ «ብር ነው የደረሳት፣ ብር ትመልስ» አለች። ክርክሩ ሞቆ ሳለ እትዬ፣ «ልጅቷ አለች አይደል? ለምን አትጠይቋትም?» አሉ።

ስንት ጊዜ ስልኳን ሳላነሳ ቀርቻለሁ። ደወልኩላት። ዕቅዴን ነገርኳት፣ መጀመሪያ አራጣውን፣ ከዚያ አንቺን፣ ብዬ።

«አንቺ ጠፍተሽ እኔ የተቀየምሽኝ መስሎኝ!» አለችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፣ «ዶላሩን ተዪው። እኔ ለእማዬ በየወሩ ብር ስልክላት ለመላኪያም እከፍላለሁ። አንቺ ስታገኚ በየወሩ 2,000 ብር ለእማዬ ስጪልኝ፣ 28 ሺው እስኪሞላ።»

እናቷ፣ ማለትም አክስቴ፣ ደብረ ብርሃን ናት። እቁቡ ግንቦት ላይ ሲያልቅ 2,500ው ነፃ ወጣ፤ ከሰኔ ጀምሮ 2,000ው ወደ አክስቴ ይሄዳል። አክስቴ በበኩሏ በደረሳት ቁጥር ደውላ ትመርቀኛለች። ልጇ የላከችላት እንደሆነ ብነግራትም አትሰማም።

ከዚህ የተማርኩትን ልበላችሁ። ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ የሚደወል ስልክና ከማለፉ በፊት የሚደወል ስልክ አንድ አይደሉም። ከማለፉ በፊት «ይህን ወር 1,500 ነው የምችለው፣ ቀሪውን በዚህ ቀን» ብላችሁ ብትደውሉ አብዛኛው ሰው ይታገሣል። የልብ ጓደኛዬ 6,000ውን እንዲህ ነው የጠበቀችኝ፤ ነሐሴ ላይ ግማሹን፣ መስከረምን ዘልዬ ጥቅምት ላይ ግማሹን።

መስከረምን ለምን ዘለልኩ? ዕቅድ ስታወጡ ዓመቱን እንደ አሥራ ሁለት እኩል ወር አትቁጠሩት። መስከረም የዕንቁጣጣሽ፣ የመስቀልና የትምህርት ቤት ምዝገባ ወር ነው፤ ልጅ ያለው ሰው በዚያ ወር ዕዳ እከፍላለሁ ካለ ራሱን ያታልላል። ፋሲካም እንደዚያው። እኛ ደብተሩ ላይ መስከረምንና የፋሲካን ወር በቀይ አከበብናቸው፤ በእነሱ ወር ከእቁቡ ውጪ ተጨማሪ ክፍያ አይታቀድም። በግ የሚገዛ አልነበረም፤ ቅርጫ ገባን። የእድር መዋጮ ደግሞ በጭራሽ አይነካም። ሁሉን ቆርጬ እከፍላለሁ ብሎ እድሩን ያቋረጠ ሰው ለቅሶ ሲደርስበት ከበፊቱ የባሰ ዕዳ ውስጥ ይገባል።

መሀል ላይ ሾፌሩ አንድ ሐሳብ አመጣ። ዕዳዎቹን ሁሉ ለመጠቅለል ከአንድ አነስተኛ የብድር ተቋም አንድ ትልቅ ብድር ልውሰድ አለ፣ «ወለዱ 15 ብቻ ነው» ብሎ። ገንዘብ ያዧ ካልኩሌተሯን አወጣች። 12,000 ብር ለአንድ ዓመት በ15 በመቶ ብንል፣ ወለዱ ከመጀመሪያው ብድር ላይ እስከ መጨረሻ የሚታሰብ ከሆነ 1,800 ብር ነው። በየወሩ ዋናውን እኩል እየከፈልክ በቀሪው ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ግን 975። ሁለቱም ላይ «15 በመቶ» ነው የሚጻፈው። ሄዶ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ሆኖ ተገኘ። ተወው። «ወለዱ ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ፤ «በምኑ ላይ ነው የሚታሰበው?» በሉ።

ሌላም የማታውቁ ካላችሁ፣ በግል ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወር ደመወዝ የሚቆረጠው ከሢሶው እንዳይበልጥ ይላል። ከዚያ በላይ እየተቆረጠባችሁ ከሆነ ሰው ሀብት ጋ ሄዳችሁ አናግሩ። ሾፌሩ እንደዚያ አድርጎ ነው የተነፈሰው።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አልነበረም። የኮምፒውተሩ ልጅ ዕዳ ከስፖርት ውርርድ የመጣ ነው። ወረቀቱ ላይ «ለቤተሰብ» ብሎ ነበር የጻፈው፤ በሦስተኛው ወር ራሱ ነገረን። አልፈረድንበትም፣ ቢያንስ በአፋችን። ግን ደመወዙ በገባ ማግስት መዋጮው አልቆ ይመጣል። እቁብ ለዚህ መድኃኒት የለውም። እኛ ወለድ ማስላትና ሽማግሌ መላክ እንችላለን፤ ቁማር ሱስ ነው፣ ሌላ እርዳታ ይፈልጋል። የካቲት ላይ «ይቅርብኝ» ብሎ ወጣ።

እሱ ሲወጣ የገባው ብርስ? እዚህ ላይ የእትዬ ደብተር ዋጋ አወጣ። ልጁ ሦስት ጊዜ 2,500 አስገብቷል፣ ድምሩ 7,500። ያ ብር የደረሰው ለግዥ ክፍሉ ባልደረባችን፣ ለእኔና ለሾፌሩ ነው። የእሱ ተራ በነበረበት ሚያዝያ ሦስታችን 2,500 እያስገባን 7,500ው ለአበዳሪው ተላከ። ገንዘብ ያዧና እትዬ የእሱን መዋጮ ስላላገኙ ያን ወር አልከፈሉም። የእነሱ ድርሻ ግን 12,500 ሆነ፤ የከፈሉትም 12,500 ነው። ማንም አልተጎዳም። ልጁ አሁንም መሥሪያ ቤት አለ። ሰላም እንባባላለን፤ ክበብ ሲገባ እትዬ ያው እንደ ድሮው ሽሮ ይጨምሩለታል። ወደ ቅዳሜው ቡና ግን አልተመለሰም።

የቴሌግራም ግሩፕም ከፍተን ነበር። በሳምንቱ የበዓል ፎቶና «እንደምን አደራችሁ» ሞላው። ቁምነገሩ ጠፋ። አሁን የባንክ ደረሰኝ ብቻ ነው የሚለጠፍበት፤ ወሬው ለቅዳሜ ቡና ይቆያል። በአካል መገናኘቱን የሚተካ ነገር አላገኘንም። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ «ይህ ወር አልሞላልኝም» ሲል የሚሰማው ሌላ ነው።

እናንተም ልጀምር ካላችሁ፣ ከአራት ሰው በታች አትሁኑ፣ ከስምንትም አትለፉ። ገቢያቸው በአንድ ሰሞን የሚገባ ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል። መዋጮው በጣም ትንሽ መስሎ እስኪያሳፍራችሁ ድረስ ቢያንስ ይሻላል፤ አንድ ጊዜ ያቋረጠ ሁለተኛውን ማቋረጥ አይከብደውም። ስምምነቱን በወረቀት ጽፋችሁ ፈርሙ፣ ዋሶቻችሁም ይፈርሙ። «እንተማመናለን እኮ» የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ እሱ ይፈርም። ደመወዝተኛ ያልሆነ፣ የቀን ገቢ ያለው ሰው ደግሞ በየሳምንቱ ቢያዋጣ ይቀለዋል፤ የመርካቶ ነጋዴዎች እቁብ በሳምንትና በየቀኑ የሚሆነው ወደው አይደለም።

እኛ ኅዳር 2018 ሁለተኛውን ዙር ጀምረናል። ሰባት ሆነናል፣ መዋጮው 3,000 ነው። የእኔ ተራ ሲደርስ የአክስቴ ልጅ ቀሪ ይዘጋል፤ የማኅበሩ ከደመወዝ እየተቆረጠ መሄዱን ይቀጥላል። የግዥ ክፍሉ ባልደረባችን ዕዳው አልቋል፣ ግን አልወጣም፤ የእሱ 21,000 ለሱቅ መክፈቻ ይሁን ብሎ መጨረሻ ላይ ተሰልፏል። ይፈቀድለት አይፈቀድለት ብለን ሁለት ቅዳሜ ተከራክረናል። እትዬ «ዕዳ የሌለበት ሰው ቢኖረንም ለዋስነት ጥሩ ነው» ብለው አሳልፈውታል። ከአዲሶቹ ሁለት ሰዎች አንዷ ወረቀቷን ገና አላመጣችም። እስክታመጣ መዋጮዋን አንቀበልም ብለናታል።